በራሱ ስም የተሞከረው ጥሩምባ

ብርጭቆ ሰፈር ውስጥ ጥሩምባ በአፍ ሲነፋ የሰማ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። ሰፈሩ ግን ይርዳው ሸዋንግዛውን እስካሁን «ጥሩምባ ነፊው» ነው የሚለው። የእድሩ ጥሩምባ የሚገኘው በሰባተኛው ሕንፃ ምድር ቤት፣ ድምፅ እንዳያሾልክ ግድግዳው ሁሉ በስፖንጅ በተለበጠ ክፍል ውስጥ ነው። ጥሩምባ ይባል እንጂ ነገሩ አንድ ሰፊ ስክሪን ነው፤ ስክሪኑ ላይ ሳጥኖች ተደርድረዋል፣ ሳጥኖቹን ደግሞ ባለ ቀለም ገመዶች ያያይዟቸዋል። አንዱ ሳጥን ለድምፁ ትንፋሽ ይሰጠዋል፣ አንዱ ያስረዝመዋል፣ አንዱ ሲቃ ይጨምርበታል። በግራ ጫፍ ያለውን ይርዳው «አንባቢው» ይለዋል፤ የሟቹን ስም ከእድሩ ዋና ፋይል የሚያነበው እሱ ነው። በቀኝ ጫፍ ያለው «ጸሐፊው» ነው፤ ፋይሉ ላይ ከሟቹ ስም አጠገብ «ተለፍፏል» ብሎ ይጽፋል።

መጀመሪያ ላይ ይህቺ ቃል ለእድሩ ብቻ ነበረች፤ አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይለፈፍ ተብሎ የተጀመረች ናት። ቆይቶ ክሊኒኩ ከዚያ ፋይል ማንበብ ጀመረ፣ የራሱ ማረጋገጫ እየተጓተተ ስላስቸገረው። ክሊኒኩን ተከትለው የሕንፃዎቹ በሮች አነበቡ። ስልኩ አነበበ፣ አውቶቡሱ አነበበ፣ የቀብር ጋሪዎቹም አነበቡ። ማንም ስብሰባ ጠርቶ የወሰነው ነገር አልነበረም። የእድር ጥሩምባ ተሳስቶ አያውቅም፣ በቃ። ቆሞ የሚሄድን ሰው ሞተ ብሎ የሚለፍፍ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ጥሩምባው በተነካካ ቁጥር መሞከር ነበረበት፤ ለመሞከር ደግሞ ስም ያስፈልጋል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ለሞት ጥሩምባ ስሙን የሚያበድር ሰው ከየት ይመጣል? ስም ፈጥሮ መሞከርም አይሆንም፤ በዚህ ሁሉ ሕንፃ ውስጥ በዚያ ስም የሚጠራ አንድ ሰው አይጠፋም፣ ከዚያ በኋላ አፍንጫው ቢነስረው እንኳ «አሟረታችሁብኝ» ብሎ እድሩን ያምሰዋል። ስለዚህ ከይርዳው በፊት የነበሩት አባባ ሰይፉ አንድ ደንብ አቆይተውለታል፤ ጥሩምባ ነፊ የሚሞክረው በራሱ ስም ነው። እንዳይጻፍና ወደ ሰፈሩ እንዳይወጣ የጸሐፊውን ቀይ ገመድ ይነቅላል፣ የራሱን ስም ለአንባቢው ይሰጣል፣ በዚያች ክፍል ውስጥ ብቻውን መሞቱን ይሰማል፣ ገመዱን ይመልሳል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይርዳው እንዲህ እያደረገ ስንት ጊዜ እንደ ሞተ ቆጥሮት አያውቅም። እንዲያውም «የኔ ስም ለጥሩምባ የተሠራ ነው» እያለ ይቀልድበት ነበር።

የዚያን ዕለት ጠዋት ነገሩን ያመጣችው ሚስቱ እቴነሽ ናት። ትናንት የተለፈፈው ጥሩምባ ጉሮሮው የተሰነጠቀ ይመስል ነበር፣ ጎረቤቱም ታዝቦታል አለችው፣ ቁርሱን እያቀረበችለት። ይርዳው በሥራው ሲመጡበት አይወድም። «አፍሽን ያዢ፣ በማታውቂው አትግቢ» አላትና ሳይጨርስ ተነሳ። እቴነሽ ሳህኑን አነሳች። በትዳራቸው ዘመን ይህን አነጋገር ስንቴ እንደ ሰማችው እሷም አታውቀውም። ግድግዳው ግን ያውቀዋል።

በብርጭቆ ሰፈር ግድግዳ ይሰማል። የሰማውንም ለየሰዉ በተከፈተ የድምፅ ፋይል ውስጥ ያኖረዋል። በር የሚከፈተው፣ መብራት የሚበራው፣ ክሊኒክ መድኃኒት የሚሰጠው ያንን ፋይል አስተያይቶ ነው። ቁልፍ የሚባለውን ነገር ልጆች በሥዕል ብቻ ያውቁታል። ሰው በሩ ላይ ይቆማል፣ «እኔ ነኝ፣ ክፈት» ይላል፣ በሩ ይከፍታል። ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፁ እስኪመለስ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ጎረቤት ይጠብቃል፤ ይህም ተለምዷል፣ ማንም አይገረምበትም። ይርዳው በዚያ ጠዋት ለቤቱ በር፣ ለአሳንሰሩ፣ ለምድር ቤቱ፣ ለስፖንጁ ክፍል «እኔ ነኝ፣ ክፈት» እያለ ወረደ። ሁሉም ከፈቱለት።

ሰው ሲሞት ፋይሉ አብሮት አይቀበርም። ማጽናኛ ይሆናል። ጥሩምባው እንደለፈፈ የሟቹ ፋይል ወደነዚያው ሳጥኖች ይገባና እስከ አርባው ድረስ ከቤቱ ግድግዳ በሟቹ ድምፅ ይናገራል። ሲያስቡት ደግ ነገር ነበር። ነገር ግን ፋይል የሰማውን እንጂ ያልሰማውን አይናገርም፤ የዚህ ሰፈር ሰው ደግሞ በቀን በቀን ከምንም በላይ የሚለው «እኔ ነኝ፣ ክፈት» ነው። ስለዚህ ሟቾቹ ሁሉ ከየግድግዳው «እኔ ነኝ፣ ክፈት» ይላሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰው ይህን ሰምቶ ሊከፍት ይሮጥ ነበር። በሩን በርግዶ፣ ባዶ አሳንሰር ሲጠብቅ የሚውል ነበር። እህል ውሃ የተወ ነበር። ሟች ልጇን ላስገባ ብላ የአሥራ አንደኛ ፎቅ መስኮት የከፈተችም ነበረች። እድሩ ተሰብስቦ ደንብ አወጣ፤ ለማጽናኛ መልስ አይሰጥም። ማልቀስ ይቻላል፣ ማዳመጥ ይቻላል፣ አቤት ማለት ግን አይቻልም። ሕፃናት ከስማቸው ቀጥለው የሚማሩት ይህንን ነው።

ደንቡን በየለቅሶ ቤቱ እየዞረ የሚያስተምረው ደግሞ ይርዳው ነበር። «ክፈቱ ቢል አትክፈቱ፣ አለሁ ቢል አትመኑ፤ እሱ ፋይል ነው» ይላል አፉን ሞልቶ። ለራሱ ቤት ሲሆንማ ይባስ ጨከነ። የእቴነሽ ታናሽ እህት የሺመቤት የሞተች ጊዜ ነው። የሺመቤት ከግድግዳው «እትዬ» ብላ ስትጣራ፣ እቴነሽ ሳታስበው «አቤት እናቴ» አለች። ይርዳው በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት ተነስቶ «አፍሽን ያዢ፣ አላልኩሽም?» ብሎ ጮኸባትና ማጽናኛውን በሠልስቱ ነቀለው። እቴነሽ ከዚያ ወዲህ የእህቷን ስም አንስታ አታውቅም። እሱም አላነሳውም።

እንግዲህ በዚያ ጠዋት ይርዳው ክፍሉ ገብቶ ወንበሩን ሳበ። ስክሪኑ ላይ ጥሩምባው መሻሻሉን የሚገልጽ ረዥም ጽሑፍ ተደቅኗል፤ ከሥሩ «እሺ» የሚል አለ። እንዲህ ያለውን ነገር ማን አንብቦ ያውቃል? እሺ ብሎት አለፈ። ሳጥኖቹ ቦታቸው ላይ ናቸው፤ አንባቢው ብቻ ትንሽ ሰፋ ብሏል። ይርዳው ሲቃ የሚጨምረውን ሳጥን ፈትሾ ስንጥቁን አገኘው። እቴነሽ ልክ ነበረች፤ ይህን ግን ለማንም አይናገርም። አስተካከለው። ቀዩን ገመድ ነቀለ። ለአንባቢው ስሙን ሰጠው።

«ስሙ፣ ስሙ! ይርዳው ሸዋንግዛው አርፏል። ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት ነው። የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፣ መጨረሻው ላይ ሆድ የሚያባባ። ይርዳው በሥራው ረክቶ ፈገግ አለ። ቀዩን ገመድ ወደ ቦታው ሊመልስ ሲል ያው ድምፅ እንደገና መጣ። አሁን ግን የሚመጣው በክፍሉ ካለችው ትንሽ ድምፅ ማጉያ አይደለም። ከላይ ነው፣ ከኮንክሪቱ ውስጥ፣ ከሰፈሩ ግድግዳ ሁሉ። ስፖንጁ ቃሉን አፍኖታል፣ ንዝረቱ ግን በጫማው ሶል በኩል ተሰማው።

ክው ብሎ ቀረ። ቀዩ ገመድ እንደተነቀለ ነው። ዓይኑ ወደ ሰፋው አንባቢ ሄደ፣ ያኔ ነገሩ ገባው። አዲሱ አንባቢ ያነበበውን ሁሉ ራሱ ይጽፋል። አንባቢና ጸሐፊ አንድ ሳጥን ሆነዋል፤ ቀዩ ገመድ ለወጉ ነው የቀረው። ዋናው ፋይል ላይ ከይርዳው ሸዋንግዛው ስም አጠገብ «ተለፍፏል» የምትለዋ ቃል ተጽፋለች።

መጀመሪያ የመጣው ሳቅ ነበር። ወይ ጉድ፣ ሰፈሩ ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ሊያደርገኝ ነው ብሎ አሰበ። ወደ በሩ ሄደና «እኔ ነኝ፣ ክፈት» አለ። በሩ አልከፈተም። ጮክ ብሎ ደገመው። ዝም። ስልኩን አውጥቶ የእድሩን ዳኛ፣ ጋሽ ዘርይሁንን አገናኘኝ አለው፤ ስልኩ ድምፁን ሲሰማ ጥርቅም ብሎ ጠፋ። ቀጥሎ የክፍሉ መብራት ጠፋ። ለሟች መብራት አይበራም። የቀረው የጥሩምባው ስክሪን ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነው። ይርዳው በሩን በቡጢ፣ ከዚያ በእግሩ፣ ከዚያ በወንበሩ ደበደበው። ክፍሉ የተሠራው ድምፅ እንዳይወጣ ነው፤ ስፖንጁን በየክረምቱ እየመረመረ የሚያስጠግነው ራሱ ነበር።

ቁጭ ብሎ እንደ ባለሙያ ለማሰብ ሞከረ። ፋይሉን ከፍቶ ያቺን ቃል መሰረዝ ነው፣ ሌላ ምን አለ? ጸሐፊው ማን ነህ አለው። «እኔ ነኝ» አለ ይርዳው። ሳጥኑ ግራጫ ሆኖ ቀረ። ሟች ፋይል ላይ አይጽፍም፤ ሰዎች በሟች ድምፅ እየገቡ ሲያጭበረብሩ ጊዜ የወጣ ደንብ ነው፣ ይርዳውም እጁን አውጥቶ ደግፎታል። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣለት፣ መጥፎ ሐሳብ። የጋሽ ዘርይሁንን ስም ለአንባቢው ቢሰጠው፣ ሰውዬው በሕዝብ መሃል ተቀምጠው መሞታቸው ሲለፈፍ የጥሩምባው ስህተት ይታወቃል። ሟርት ነው፣ ነገር ግን የነፍስ ጉዳይ ነው። ስሙን ተናገረ። አንባቢውም ድምፁን ሰምቶ ግራጫ ሆነ።

የሚያስፈራው በሩ አለመከፈቱ አልነበረም። በሩ ይከፈታል። ከሰዓት በኋላ ለጋሪዎቹ ይከፈታል። የቀብር ጋሪ ሟቹ የት እንዳለ የሚያውቀው ከፋይሉ ነው፤ መጨረሻ የከፈተለትን በር አይቶ ይመጣል። ጎማና ክንድ አለው እንጂ ጆሮ የለውም። ክፍሉ ውስጥ የሰው ክብደት ያለው ነገር ካገኘ ያነሳል፣ ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ያስተኛል፣ ያሽጋል። ቤተሰብ የሚያየው የታሸገውን ነው። በምን ሞተ ብሎ የሚጠይቅም የለም፤ ፋይሉ ያውቀዋል ይባላል። ባዶውን የተመለሰ ጋሪ ይርዳው በዕድሜው አላየም። ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት ከባሏ ሣጥን ውስጥ ሲንኳኳ ሰማሁ ብላ ስትንሰፈሰፍ፣ «የጋሪው ጎማ ነው እናቴ» ብሎ ያረጋጋት እሱ ነው። አሁን የሴትዮዋ ፊት ትዝ አለው።

አንድ መስመር ቀርቶታል። ጥሩምባ ነፊ የማጽናኛውን ድምፅ ልክ ለማስተካከል ወደ ሐዘን ቤቱ ግድግዳ የሚናገርበት፣ ከዚያም የሚሰማበት ማይክ ነበረው። ይህ መስመር ማንነት አይጠይቅም፤ ከጥሩምባ ነፊ በቀር ማን ሊነካው ብለው ነው። ይርዳው ከፈተው።

የገዛ ቤቱ ለቅሶ ክፍሉን ሞላው። ሰው ገብቷል፣ ወንበር ይጎተታል፣ አንዱ ድንኳኑ የት ይተከል ይላል። ለሰው ሁሉ ድንኳን ያስተከለ ሰው ነው፣ እንዳይበላሽበት ይላል ሌላው። ጠዋት በደህና ሲወርድ አይቼዋለሁ፣ ልቡ ይሆናል የምትል አለች። የእቴነሽን ድምፅ ከሁሉ ለይቶ ሰማው። ወይኔ ይርዳው፣ ቁርስህን እንኳ ሳትጨርስ እያለች ነበር የምታለቅሰው። እንዲህ ታለቅስልኛለች ብሎ አስቦ አያውቅም። ጋሽ ዘርይሁን በዚያ በሻከረ ድምፃቸው አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ ይላሉ።

«እቴነሽ» አለ ወደ ማይኩ ተጠግቶ። «እኔ ነኝ። ክፈቱልኝ፣ ምድር ቤት ነኝ።»

ለቅሶው ጨመረ። መልስ የሰጠ ግን የለም። ወዲያው ደግሞ ከእሱ ድምፅ ጎን ሌላ ድምፅ ተነሳ። የራሱ ድምፅ ነበር። ማጽናኛው ሥራ ጀምሯል።

«እኔ ነኝ፣ ክፈት» አለ ማጽናኛው። «እኔ ነኝ፣ ክፈት። እቴነሽ፣ መብራቱን አጥፊው።»

ይርዳው እነዚያን ሳጥኖች አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ ትንፋሹን ራሱ ነው የለካው፣ ርዝመቱን ራሱ ነው የወሰነው። የሰውን ድምፅ እንዲህ አድርገው እንደሚያወጡት ያውቃል። በራሱ ላይ ሲሰማው ግን አንድ ሰው ልብሱን ለብሶ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያየ ያህል ነው የሆነበት። ጮኸ። አልሞትኩም፣ ጥሩምባው ተበላሽቶ ነው፣ አንድ ሰው ላኩልኝ፣ በሩን ከውጭ ክፈቱት አለ። ሁለቱ ድምፆች ከአንድ ግድግዳ ተደራርበው ይወጣሉ። አንዲት ጎረቤት ኧረ ምድር ቤት ነኝ ይላል፣ አንድ ሰው ወርዶ ቢያይስ ስትል ሰማ። ጋሽ ዘርይሁን ግን ቆጣ አሉ።

«ሁሉም ነው እንደዚያ የሚለው። ይርዳው ራሱ አይደለም እንዴ ያስተማረን? ክፈቱ ቢል አትክፈቱ፣ አለሁ ቢል አትመኑ። ሌላው ቢቀር የሰውዬውን ቃል እናክብርለት።»

ጎረቤቲቱ እውነት ነው አለች። ብርጭቆ ሰፈር ጨዋ ሰፈር ነው፣ ደንብ ያከብራል።

ይርዳው ዘዴ ለወጠ። ከባልና ሚስት በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር ልንገራት አለ በልቡ። በተጋቡ ሰሞን የጠፋው ቀለበቷ ከማጠቢያው ቱቦ ውስጥ እንደ ተገኘ፣ ለእናቷ ግን ከጓደኛዋ ቤት ተገኘ ብለው እንደዋሹ ነገራት። ገና ሳይጨርስ ማጽናኛው ከአፉ ነጠቀው። «ቀለበቱ ቱቦ ውስጥ ነው፣ ተገኝቷል፣ ለእማማ እንዳትናገሪ» አለ፣ በዚያን ዘመን በነበረው በወጣቱ በይርዳው ድምፅ። እቴነሽ ስቅስቅ አለች። ይርዳው ሌላ ሞከረ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ብቻ የሚጠራትን ስም። ማጽናኛው ስሙን ተቀብሎ እሱ ከሚጠራው ይልቅ አለስልሶ ጠራት። እሱ አንድ ሲል ፋይሉ ሁለት ይላል። ግድግዳው በዚያ ቤት ውስጥ ያልሰማው ምን አለ?

እየዋለ ሄደ። ለቀስተኛው ስለ ይርዳው ሲያወራ ሰማ። ደንበኛ የእድር ሰው ነበር አሉ፣ ሥራውን አክባሪ፣ አንድ ቀን ያልተሳሳተ። ምላሱ ትንሽ ቆምጠጥ ያለች ናት ያለም ነበር፣ ወዲያው ደግሞ ለሟች ምን ይባላል ብሎ ተወው። ጋሽ ዘርይሁን ለጥሩምባው ሌላ ሰው መፈለግ ሊኖርብን ነው ሲሉ ተሰማ። ይርዳው ስክሪኑን ሰብሮ ሁሉንም ነገር ለማጥፋት ወንበሩን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። ስክሪኑ ከጠፋ ይህቺ መስመር ትጠፋለች፣ ጋሪዎቹ ግን መምጣታቸው አይቀርም። ከላይ የሆነ ቦታ ከባድ በር ሲከፈት በእግሩ ተሰማው። የጋሪዎቹ ማደሪያ በር ነው፣ ንዝረቱን ያውቀዋል። ለቀስተኛውም ነጠላውን እያስተካከለ መነሳት ጀመረ።

ያኔ ነው ሙያው የደረሰለት። አንባቢ ያልተጻፈ አያነብም። ዕድሜ ልኩን የሠራበት ነገር ይህ ብቻ ነው፤ ፋይሉ ውስጥ የሌለ ቃል ከዚያ ግድግዳ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ ብሎት የማያውቀውን ነገር ማለት አለበት። ያንን ስትሰማ የሚናገረው ፋይል አለመሆኑን ታውቃለች። ብሎት የማያውቀው ነገር ምን እንደሆነ ለማግኘት ደግሞ ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም። ከየሺመቤት ሠልስት ጀምሮ ጉሮሮው ላይ ነበር።

«እቴነሽ» አለ። «በየሺመቤት ጊዜ በድዬሻለሁ። እህትሽ ጠራችሽ፣ አንቺ አቤት አልሽ። ምን አጠፋሽ? በሰው ፊት አዋረድኩሽ። ማጽናኛዋን የነቀልኩት ለደንቡ ብዬ አልነበረም፤ ለእኔ እንደዚያ አቤት ብለሽኝ ስለማታውቂ ቀንቼ ነው። ዛሬ ጠዋትም ልክ ነበርሽ፣ ጥሩምባው ተሰንጥቆ ነበር። ይቅር በይኝ። እቴነሽዬ፣ ይቅር በይኝ።»

ማጽናኛው ጸጥ አለ፤ ለዚህ የሚለው አልነበረውም። ይርዳው ማይኩን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ እንባው ይወርዳል። አገኘኋት አለ በልቡ። የእቴነሽ ትንፋሽ ወደ ግድግዳው ሲቀርብ ሰማ፤ እጇን ግድግዳው ላይ ያሳረፈች መሰለው።

«ጋሽ ዘርይሁን» አለች በቀስታ። «ይሄ እሱ አይደለም።»

«ምን አልሽ ልጄ?»

«አንዱ ድምፅ ሌላ ሰው ነው። የኔ ባል ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። አንድም ቀን። የማንን ፋይል እንደቀላቀሉብኝ እንጃ። ያጥፉልኝ፣ ሐዘኔን አያበላሽብኝ።»

ጋሽ ዘርይሁን ተነሱ፤ እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ግድግዳው ሲመጡ ይሰማል። ይርዳው ስሟን ጠራ። ደጋግሞ ጠራ። እባክሽ አላት፣ እባክሽም ብሏት አያውቅም ነበር። ጋሽ ዘርይሁን የተቀላቀለውን ድምፅ ከግድግዳው ሲዘጉት መስመሩ ሲጥ አለና መናገሪያው ሞተ። መስሚያው ግን ቀረ።

ለአፍታ የተሰማው ለቅሶው ብቻ ነበር። ከዚያ ማጽናኛው ብቻውን፣ አሳምሮ፣ በይርዳው በራሱ የቁጣ ድምፅ ተናገረ።

«አፍሽን ያዢ፣ አላልኩሽም?»

እቴነሽ ሲቃዋ ፈነዳ። ፊቷን ግድግዳው ላይ ለጥፋ መሆን አለበት፤ ድምፅዋ በጣም ቅርብ ነበር።

«አቤት፣ ይርዳው» አለች። «አቤት፣ የኔ ጌታ።»

አቤት በማለቷ የተቆጣት ሰው አልነበረም።

ይርዳው በምድር ቤቱ ጨለማ አለሁ ሊላት አፉን ከፈተ፤ የሚሰማው አልነበረም። ከውጭ አሳንሰሩ ደርሶ ቆመ። ጎማ ኮሪደሩ ላይ ተንከባለለ። ቀኑን ሙሉ እምቢ ያለው በር ማን ነህ ሳይል ተከፈተ።